እመት አህያ የዋጠችው ጥያቄ

አንድ ጊዜ፣ ወሬ እንደ ውሃ በሚጠማበት አንድ ሰፊ ሸለቆ ውስጥ፣ ድምጿ ከእንስሳት ሁሉ ድምፅ የሚርቅ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ትልቁም ትንሹም «እመት አህያ» ይላታል።

በሸለቆው ግራ በጎችና ድኩላዎች፣ በቀኙ ከርከሮዎችና ጎሾች፣ ከላይ ከተራራው ጫፍ ደግሞ ዝንጀሮዎች ይኖራሉ። አንዱ ጋ የተወራው ሌላው ጋ አይደርስም ነበር። እመት አህያ ግን መሐል ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥታ ካናፋች፣ ተራራው ጫፍ ላይ ያለው ዝንጀሮ እንኳ ቃል በቃል ይሰማታል። ጆሮዋም እንደምታውቁት ነው። እንዲህ ያለ ድምፅና እንዲህ ያለ ጆሮ ይዞ ሳር ሲግጡ መዋል ትክክል አልመሰላትም። ስለዚህ የጠዋት ጨዋታ ጀመረች።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ጤዛው ደረቅ ሲል አንድ እንግዳ ድንጋዩ ላይ ይወጣል። እሷ ትጠይቃለች፤ እንግዳው በራሱ ድምፅ ይመልሳል፤ ከዚያ የመለሰውን በዚያ በትልቁ ድምጿ ደግማ ለሸለቆው ሁሉ ታሰማለች። አንድ ደንብም ነበራት። እንግዳ የተናገረውን ተናገረ ነው፤ አይከራከሩትም።

በመጀመሪያ ኤሊ መጣ። በወጣትነቱ ፈረስ ቀድሞ እንደሚያውቅ ተናገረ።

«ሲቀድሙት ፈረሱ ምን አለ?» ብላ ጠየቀችው።

«አዘነ» አለ ኤሊ።

«ያሳዝናል» አለች እመት አህያ። አናፋችውም። ሸለቆው ለፈረሱ አዘነለት።

ቀጥላ ሽመላ መጣች። በአንድ እግሯ የምትቆመው ምድር ወደ አንድ ጎን እንዳታዘነብል መሆኑን አስረዳች። እመት አህያም «ከባድ ኃላፊነት ነው» አለቻትና ይህንንም ለሁሉም አደረሰችው።

ያን ዕለት ጦጣ ከዛፏ ወርዳ ወደ ድንጋዩ መጣች።

«እመት አህያ፣ ሽመላ ስትበርስ ምድርን ማን ይይዛታል? ይህን ለምን አልጠየቅሻትም?»

«እንግዳ ናት» አለች እመት አህያ። «ድንጋዬ ላይ የወጣን እንግዳ አላፋጥጥም። እኔ አድማጭ ነኝ። የሚሰማው ራሱ ይመዝን።»

«የሚሰማው በምን ይመዝን? እሱ ከተራራ ማዶ ነው ያለው። አጠገቧ የቆምሽው አንቺ ነሽ።»

እመት አህያ ወደ ሳሯ ተመለሰች። የጦጣ ድምፅ ከሦስት ዛፍ አያልፍም፤ ቅናት ይሆናል ብላ አሰበች። ደግሞስ ማን ተጎዳ? ኤሊም ሽመላም ደስ ብሏቸው ሄደዋል። እንግዳ ለመሆን የሚጠባበቀው ሰልፍ ከድንጋዩ እስከ ሾላው ዛፍ ይደርስ ጀመር። በየመንገዱ «እንደ እመት አህያ የሚያዳምጥ የለም» ይባላል። ይህን በሰማች ቁጥር ጆሮዎቿ ራሳቸው ቀጥ ይላሉ።

በዚህ መሐል በጋው ጠና። እንስሳቱ የሚጠጡበት ኩሬ ጎደለ፤ ውሃው ደፈረሰ፤ ብዙዎቹን ሳል ያዛቸው። አንድ ጠዋት ቀበሮ ፀጉሩን ልሶ አሳምሮ ድንጋዩ ላይ ወጣ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አያ ቀበሮ» አለች እመት አህያ። «ምን ይዘውልን መጡ?»

«የምሥራች ይዤ ነው የመጣሁት» አለ ቀበሮ ቀስ ብሎ። «ይህ ሳል የመጣው ከኩሬው ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ከሾላው ዛፍ ባሻገር ያለውን ጠባብ ገደል ያውቁታል? እዚያ ውስጥ ምንጭ አለ። አንድ ጊዜ የጠጣው ሳሉ ይለቀዋል። ነገር ግን ምንጩ ጫጫታ አይወድም። ሁለት ሆነው ከመጡ ይደርቃል። አንድ በአንድ ነው መምጣት ያለባቸው።»

እመት አህያ ጠባቡን ገደል ታውቀዋለች። ባለፈው በጋ ጨው የሚላስበት ድንጋይ ስትፈልግ ከአፉ እስከ ጫፉ ሄዳበታለች። ከድንጋይና ከአሸዋ በቀር አንድ ጠብታ ውሃ አላየችም ነበር። «በየት በኩል ነው የሚፈልቀው?» የሚል ጥያቄ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

ቀበሮ ፊቷን አይቶ ፈገግ አለ።

«እኔ እንደ እርስዎ ያለ አላየሁም» አላት። «ሌላው ቢሆን ገና ሳልጨርስ ጣልቃ ይገባብኛል፣ ከየት አመጣኸው ይለኛል። እርስዎ ግን ጨዋ ነዎት። እንግዳ ያስጨርሳሉ።»

የእመት አህያ ጆሮዎች ቀጥ አሉ። ጥያቄውን ዋጠችው። በሱ ፈንታ ሌላ ጠየቀች።

«ምንጩን ሲያዩት ምን ይሰማዎታል?»

«ሰላም» አለ ቀበሮ።

እመት አህያ አንገቷን ወደ ላይ አቀናችና ምንጩን፣ መድኃኒቱን፣ አንድ በአንድ መምጣቱን፣ ሰላሙንም ጭምር አንድ ሳታስቀር ለሸለቆው አሰማች። ድምጿ ያን ዕለት ከወትሮው በተለየ ጥርት ብሎ ወጣላት።

ከሰዓት በኋላ እመት በግ እያሳለች መጣች። ከእመት አህያ ጋር አንድ መስክ ላይ ብዙ ዘመን ግጠዋል፤ ሲሞቃቸውም የሚጠለሉት አንድ ጥላ ሥር ነበር።

«የምንጩ ነገር እውነት ነው?» አለቻት።

«ቀበሮ እንዲህ ብሏል» አለች እመት አህያ።

«አንቺስ?»

«እኔ ጠየቅሁ እንጂ አላልኩም።»

እመት በግ ትንሽ አሰበችና፣ «ቀበሮ ሲናገር ከእኛ ጋ አይታይም፤ ድምፁም አይደርስም» አለች። «እኔ የሰማሁት በአንቺ ድምፅ ነው። አንቺን ደግሞ አምንሻለሁ። ልሞክረውና ልምጣ።»

እመት አህያ «ቆይ እስኪ» ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን ጠዋት ሸለቆውን ሁሉ ያሰማችውን ከሰዓት ማፍረስ ከበዳት። ሳር ነጨችበትና አፏን ዘጋችው። እመት በግ እያሳለች በሾላው ዛፍ በኩል ሄደች።

በዚያ ቀን አልተመለሰችም። በማግስቱ አንድ ከርከሮ ሄደ፤ እሱም አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን አንድ ድኩላ ሄደ፤ እሱም እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ቀበሮ ሳይጠራ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ወፈር ብሎም ነበር።

«የሄዱት ለምን አልተመለሱም የሚሉ አሉ» አለ። «ቦታው ተስማምቷቸው ነው። እንዲያውም ሰላም በሉልን ብለዋል።»

እመት አህያ ይህንንም አናፋችው። መጨረሻው ላይ ግን ድምጿ ተሰነጠቀ። ዝንጀሮዎቹ «ዛሬ እመት አህያን ምን ነካት?» ተባባሉ።

ከድንጋዩ ስትወርድ የእመት በግ ባል አውራው በግ ቆሞ ሲጠብቃት አገኘችው። ዝምተኛ ነው፤ በዘመኑ ሁሉ ጨዋታዋን ሊሰማ እንጂ ሊናገር መጥቶ አያውቅም።

«መቼ እመጣለሁ አላለችሽም?» አላት።

«አላለችኝም» አለችው።

እህል ውሃ አላሰኛትም። በጠራራው ፀሐይ ብቻዋን ወደ ጠባቡ ገደል ሄደች። ውስጥ ድረስ መግባት አላስፈለጋትም። ገደሉ አፍ ላይ ባለው ቀጋ እሾህ ላይ ነጭ የበግ ፀጉር ተንጠልጥሏል። ከሥሩ አሸዋው ላይ የጅብ ዱካ አለ፤ በጎኑ ደግሞ ትንንሽ የቀበሮ ዱካ። አሸዋው እንደ ባለፈው በጋ ደረቅ ነበር። እመት አህያ እዚያው ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ዞራ ተመለሰች።

ኋላ እንደተሰማው፣ በዚያው ቀን ገደሉ ውስጥ ጅብ ቀበሮን ይወቅሰው ነበር። በቀን አንድ አይበቃኝም፤ መጪው አነሰ ይላል። ቀበሮም እንዲህ ብሎ መከረው። «ነገ ድንጋዩ ላይ ውጣና አንተው ራስህ ጥራቸው። 'ውሃው ጣፋጭ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ኑ' በል፤ ሌላ አትጨምር። አትፍራ፣ አህያዋ ምንም አትጠይቅም።» ጅብ ቃሉን ሲያጠና ዋለ።

በማግስቱ ጤዛው ሲደርቅ ጅብ ድንጋዩ ላይ ተጎለተ። ቀበሮ ከታች ቆመ። እመት አህያ ከእንግዳዋ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አያ ጅቦ። ምንጩን አይተውታል?»

«ውሃው ጣፋጭ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ኑ» አለ ጅብ።

እመት አህያ ይህን ለሸለቆው አሰማች። እንደ ወትሮው ቢሆን አሁን «ግሩም ነው» የምትልበት ጊዜ ነበር። ቀበሮም ከታች ሆኖ ራሱን እየነቀነቀ ይህንኑ ይጠብቃል። እሷ ግን ቀጋው ላይ ያለው ነጭ ፀጉር ዓይኗ ላይ መጣባት።

«በየት በኩል ነው የሚፈልቀው?» አለች።

ጅብ ወደ ቀበሮ ተመለከተ። ይህን አላስጠናውም ነበር።

«ከአንገት በኩል» አለ ጅብ፣ አስቦ።

እመት አህያ ቀና ብላ «ከአንገት በኩል ነው ይላሉ» ብላ አናፋች። በግራም በቀኝም ሳር የሚግጥ ሁሉ ራሱን ቀና አደረገ።

«ጣዕሙስ እንዴት ነው?»

«እንደ መጪው ነው» አለ ጅብ። «የከርከሮው ጠንከር ይላል። የበጓ ግን ለስላሳ ነበረ።»

ይህንንም አሰማች። ስታሰማው ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«እመት አህያ» አለ ቀበሮ ከታች፣ «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ችሎት? እንግዳ እንዲህ ይጠየቃል?»

«ይጠየቃል» አለች እመት አህያ። ፊቷን ወደ ጅብ መለሰች። «አያ ጅቦ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ጠጪው አንድ በአንድ እንዲመጣ የተባለው ለምንድን ነው?»

ጅብ ጥያቄው ቀላል ስለሆነለት ደስ አለው።

«ሁለት ሆነው ከመጡ አንዱ ያመልጣላ» አለ።

እመት አህያ ይህን መልስ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አናፋች። ገና ሦስተኛውን ሳትጨርስ ከቀኝ በኩል ጎሾቹ አቧራ እያስነሡ ወረዱ። ጅብ ከድንጋዩ ዘሎ፣ የኋላ እግሩን እየጎተተ፣ ሸለቆውን ለቆ ሸሸ። ምን አጥፍቶ እንደተባረረ እስከ ዛሬ አልገባውም ይባላል። ቀበሮን ዘወር ብለው ሲፈልጉት ቀደም ብሎ ከተራራው ማዶ ተሻግሮ ነበር።

በማግስቱ ድንጋዩ ላይ እንግዳ አልነበረም። አውራው በግ ቀስ እያለ ወጣና ከእመት አህያ ፊት ለፊት ቆመ።

«የዛሬው እንግዳ እኔ ነኝ» አለ። «የምጠይቀውም እኔ ነኝ።»

እመት አህያ ራሷን ዝቅ አደረገች።

«ጠባቡን ገደል ከዚህ በፊት አይተሽው ታውቂ ነበር?»

ትናንት ጅብን በማጋለጧ ሸለቆው ሲያመሰግናት ነበር ያደረው። «አላውቅም» ብትል ማንም አይጠረጥራትም። አውራውን በግ አየችው። ነጭ ፀጉሩ የሚስቱን ይመስላል።

«አውቀው ነበር» አለች። «ባለፈው በጋ አልፌበታለሁ። ደረቅ ነበር።»

«ቀበሮ ሲናገር ትዝ አላለሽም?»

«ትዝ ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ጨዋ ነዎት አለኝ» አለች እመት አህያ። «እንዲህ መባል ደስ ይለኝ ነበር።»

አውራው በግ ወደ ተራራው በአገጩ አመለከተ።

«እዚያ ያሉት አልሰሙም። ለሌላው እንደምታደርጊው ለኔም ድገሚልኝ።»

እመት አህያ አንገቷን አቀናች። የእሱን ጥያቄና የእሷን መልስ፣ አውቀው ነበር ያለችውን፣ ደረቅ ነበር ያለችውን፣ ደስ ይለኝ ነበር ያለችውንም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ለሸለቆው አናፋች። ዝንጀሮዎቹ ጋ ሳይቀር ደረሰ። አውራው በግ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማና፣ ከድንጋዩ ወርዶ ብቻውን ወደ መስኩ ሄደ።

ከዚህ የምንማረው፣ የሌላውን ቃል በራሱ ድምፅ ለብዙ ጆሮ የሚያደርስ ሁሉ «እኔ ጠየቅሁ እንጂ አላልኩም» ብሎ ማምለጥ እንደማይችልና፣ ጨዋ ለመባል ሲል የሚዋጠው ጥያቄ የሚጎዳው አምኖ የሚሰማውን መሆኑን ነው።