ውሃ መውጫ የሌለው ግንብ

አንድ ግንበኛ ነበረ፤ ስሙ ዘለቀ ይባላል። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ኮሌጅ የሚያስገባው ዘመድም ገንዘብም ስላልነበረው ቱንቢና ገመድ ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ሃያ ሁለት ዓመትም ድንጋይ በድንጋይ ላይ ሲደረድር ኖረ። እሱ ያቆመው ግንብ ተንጋደደ ሲባል የሰማ ሰው አልነበረም።

አንድ ጊዜ የሚሠራበት ድርጅት ገደል አፋፍ ላይ ረጅም የድጋፍ ግንብ እንዲሠራ አዘዘው። ከገደሉ ሥር የቀን ሠራተኞች የሚኖሩባቸው የቆርቆሮ ቤቶች አሉ። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ ለዘለቀ ድንጋይና የተቦካ ሲሚንቶ ስታቀብለው የኖረችው እትዬ ብዙነሽ ትኖራለች። ዘለቀ ፕላኑን ሲያይ ደነገጠና ወደ ሥራ ኃላፊው ሄደ።

"አለቃ፣ ይህ ግንብ ውሃ መውጫ ቀዳዳ የለውም። ክረምት ሲመጣ አፈሩ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ግንቡን ከኋላ ይገፋዋል። ከሥር ደግሞ ሰው አለ" አለው።

ኃላፊው ቀና ብሎም አላየው። "የት ተምረህ ነው?"

"እዚሁ፣ ሥራው ላይ።"

"ዲግሪ አለህ ወይ ነው የምልህ! ፕላኑን ያወጣው ሰው አምስት ዓመት ተምሯል። አንተ የታዘዝከውን ሥራ።"

ዘለቀም ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና የታዘዘውን ሠራ። ቀዳዳ የሌለውን ግንብ በገዛ እጁ አቆመው።

በመጀመሪያው ክረምት ግንቡ መሐሉ ላይ ሆዱን ነፋ። ዘለቀ መሮና መዶሻ ይዞ ሊበሳው ቢሄድ "የድርጅት ንብረት ልታበላሽ" ተብሎ ከደሞዙ ተቀጣ። ያንኑ ለኃላፊው የተናገረውን ነገር በማመልከቻ ጽፎ አስገባ። መዝገብ ቤት ማኅተም መታበትና ፋይል ውስጥ ከተተው፤ መልሱም "በባለሙያ ያልቀረበ" የሚል ሆነ። ከዚያ በኋላ ቢለምንም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። እትዬ ብዙነሽን "ከዚህ ቤት ውጪ" ቢላት "ወጥቼ የት ልግባ? በዚህ ዋጋ የሚከራይ ቤት ሌላ ቦታ አለ ብለህ ነው?" አለችው።

ኮሌጅ ለመግባት የወሰነው ያን ጊዜ ነው። እውቀት ፈልጎ አልነበረም፤ የሚሰማው ሰው ፈልጎ እንጂ። ዕድሜውን የሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ በስተመጨረሻ ለራሱ ያቆማትን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሸጠና ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ ኪራይ ገባ። ቀን ድንጋይ እየፈለጠ ማታ ማታ የግል ኮሌጅ ተማሪ ሆነ። እትዬ ብዙነሽ ይህን ስትሰማ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

"ወንድሜ፣ አንተ ተምረህ እስክትጨርስ ውሃው ይጠብቀናል?"

ዘለቀ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወደ ማታ ትምህርቱ ሄደ።

ኮሌጁ የመመዝገቢያ፣ የመታወቂያ፣ የፈተና፣ የቤተ መጻሕፍት እያለ አስከፈለው። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ሁልጊዜ ዝግ ነበር። በሦስተኛው ዓመት አንድ መምህር ሰሌዳው ላይ "ማንኛውም የድጋፍ ግንብ ውሃ መውጫ ሊኖረው ይገባል" ብሎ ጻፈ። ተማሪው ሁሉ ገለበጠ፤ ዘለቀም ገለበጠ። እንዲሰሙለት ብሎ ቤቱን የሸጠበትን ነገር በገዛ ጽሑፉ ደብተሩ ላይ ሲያየው ጥርሱን ነከሰ። ምንም አልተማረም አልልም፤ ውሃው ግንብን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ማስላት ተምሯል። እንደሚገፋው ግን ገና ሳይመዘገብ ያውቅ ነበር።

በአምስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ተመረቀ። በግ ሳያርድ፣ የምረቃ ቆብ ደፍቶ ፎቶ ሳይነሳ፣ በማግስቱ ዲግሪውን ይዞ ቢሮ ደረሰ። ያው ኃላፊ ከወንበሩ ተነሣለት።

"ኢንጂነር! እንኳን ደስ ያለዎት! ይቀመጡ እንጂ።"

ዘለቀ አልተቀመጠም። "ለግንቡ ውሃ መውጫ ይበጅለት፤ ዛሬውኑ።"

"ልክ ነዎት፣ ይህ ሙያዊ አስተያየት ነው። ብቻ ዲግሪዎ ትክክለኛ መሆኑ መጀመሪያ መረጋገጥ አለበት። ደብዳቤ እንጽፋለን፤ መልሱ ቢበዛ ወር ቢፈጅ ነው።"

ወር! ወጥቶ ያበጠውን ግንብ ለማየት እኮ አሥር ደቂቃ ይበቃው ነበር። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ነሐሴ ሲጋመስ፣ አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ዝናቡ አባራ። እትዬ ብዙነሽ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ግንቡ ተናደባት። ድንጋዩን እያነሣ አስከሬኗን ያወጣው ዘለቀ ራሱ ነበር። ግንቡ ሲሠራ እነዚያን ድንጋዮች ያቀበለችው እሷ ነበረች።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የዲግሪው ማረጋገጫም በዚያው ሳምንት ደረሰና ኢንጂነር ዘለቀ የአደጋውን መንስኤ እንዲያጠና ተመደበ። በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ሪፖርት አቀረበ። ኃላፊው በኮሚቴው ፊት ጮክ ብሎ አነበበውና በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

"ግሩም ነው! የተማረ ሰው እንዲህ ነው!"

ዘለቀ ከመዝገብ ቤት ያስወጣውን የዛሬ አምስት ዓመት ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "እስቲ ይህንንም ያንብቡት" አለ።

ሁለቱ ወረቀቶች ቃል በቃል አንድ ነበሩ። ልዩነታቸው በአዲሱ ላይ ከስሙ ፊት "ኢንጂነር" የሚል መጨመሩ ብቻ ነው። ኃላፊውን ላብ አጠመቀው።

"ያን ጊዜ በነፃ ነበር የነገርኳችሁ" አለ ዘለቀ። "ጆሮ እንድትሰጡኝ እኔ ቤቴን ከፈልኩ። እትዬ ብዙነሽ ነፍሷን ከፈለች። አሁንም ቢሆን የሰማችሁት እኔን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው።"

ሠርቶ አዳሪ ጥሪቱን አሟጦ ኮሌጅ ቢገባ ያዋጣዋል ወይስ አያዋጣውም እያልን ስንከራከር እንውላለን። እኔ ትምህርትን አልጠላም፤ ሰው ያላወቀውን ሊያውቅ ቢከፍል ተገቢ ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰው የሚያውቀውን እንድንሰማለት ብቻ ቤቱን እንዲሸጥ ካደረግነው፣ ያስከፈልነው የንቀታችንን ዋጋ ነው። ኮሌጁ በዚያ ንቀት ይነግድ ይሆናል፤ ንቀቱን የምናመርተው ግን እኛ ነን።

አንተስ? በቀደም ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ግንበኛው አንድ ነገር ሊነግርህ መጥቶ ነበር። በአፍህ ባትለውም በልብህ "የት ተምሮ ነው?" አላልክም? ተነሣና ፈልገህ ጠይቀው። ውሃው አይጠብቅም።