ዋንዛ ዋስ የሆነለት ጉሬዛ

ጉሬዛ እንቁራሪትን በደላት፤ ልጆቿን ከነቅጠላቸው በላባት። አድምጡኝ፣ ዛፍ ዋስ ይሆን በነበረበት ዘመን ነው።

ጉም በማይለቀው የተራራ ጫካ ውስጥ፣ አውራ ጣት የማታህል አንዲት የዛፍ እንቁራሪት ትኖር ነበር። ከኩሬ በላይ በተንጠለጠለ የዋንዛ ቅጠል ላይ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ቅጠሉንም አጥፋ ታጣብቀዋለች። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ጠብ ጠብ እያሉ ኩሬው ውስጥ ይገባሉ። ክረምቱ ሲወጣ ግን ኩሬው ይደርቃል፤ ጊዜ የላትም።

ጉሬዛ መጣና የታጠፈውን ቅጠል ግምጥ አደረገው።

«አያ ጉሬዛ፣ ልጆቼን!» አለች።

«አላየሁም» አለ።

ደግማ ጣለች። ደግሞ በላ።

«አያ ጉሬዛ፣ ልጆቼን!»

«አየሁ፤ ግን ራበኝ። ደግሞስ ያንቺ ልጅ ከጤዛ በምን ይለያል?»

ኤሊ ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። ኤሊ ሽማግሌ ነው፤ እንደ ጉሬዛ ነጭ ካባ የለበሰ ሲያይ ግን አንገቱን ያስገባል። «በይ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ነው፤ ታረቂው» አላት።

«ያለ ዋስ አልታረቅም።»

ጉሬዛ ሳቀ። «ዋሴ ዋንዛ ነው። ዳግመኛ ብነካባት ዋንዛ ቅጠሉን ይንሳኝ!»

«ዋስ ነኝ» አለ ዋንዛ።

ሦስተኛ ጣለች። ጉሬዛ ጥቂት ቀን ዞር ዞር አለ፤ ከዚያ በላው።

«ልጆቼን!» አለች። እሱ አፉን ሞልቶ ማኘኩን ቀጠለ።

«አባባ ዋንዛ፣ ዋስትናህን!»

ዋንዛ አመነታ። «ቅጠሌን ባራግፍ አንቺም ማረፊያ ታጫለሽ።»

«እኔ ልጣ። አንተ ቃልህን ጠብቅ።»

ዋንዛ ቅጠሉን ሁሉ አራገፈ። ሌሎቹም ዛፎች «ዋሱን ያዋረደ እኛ ላይ አይወጣም» ብለው ቅርንጫፋቸውን ነሱት።

እንቁራሪት ወርዳ፣ ኩሬው ዳር በበቀለ ቀጭን ሸንበቆ ላይ የመጨረሻ እንቁላሏን ጣለች። ነፋስ ያንገላታዋል፤ ተመቻት አይባልም። ሆኖም ተፈለፈሉ።

ልጆቿ ጠብ ጠብ ሲሉ ጉሬዛ ሆዱ ከጀርባው ተጣብቆ፣ ካባው ጭቃ ሲጎትት መጣ።

«እመት እንቁራሪት፣ ለዋንዛ አንድ ቃል ይናገሩልኝ። ልሞት ነው።»

እስከ ትናንት «አንቺ» ነበረች፤ ረሃብ «እርስዎ» አስባለው።

እንቁራሪት የመጨረሻው ልጇ ውሃ እስኪገባ ዓይኗን ከልጆቿ አልነቀለችም። ከዚያ ዞር ብላ እንዲህ አለችው፦

«ሦስት ጊዜ ስጮህ ጆሮ አልነበረህም፤ ለካ ጆሮ የሚበቅለው ሆድ ሲጎድል ነው!»