ሦስት ወር የተቀነሰባት ላም

አንድ በዋጋ ክርክር ስሙ የወጣ ሰው ነበር። ጓንጉል ይባላል፤ የሚኖረው ደጋ ላይ ባለች ትንሽ መንደር ነው። የተጠየቀውን ዋጋ ከፍሎ የገዛው ነገር የለም ይሉታል፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ጨው ሲገዛ ይከራከራል፤ ማረሻ ሲገዛ ይከራከራል። ሻጩ ሰልችቶት «በቃ ውሰደው» እስኪል ድረስ ከቆመበት አይነቃነቅም። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ስታነቡ ቶሎ እንዳትፈርዱበት ብዬ ነው።

በአንድ ክፉ ዓመት የከብት በሽታ ገብቶ የመንደሩን በረት ሁሉ ባዶ አደረገው። ከዚያ በኋላ አራት ቤተሰቦች ተማከሩና ያላቸውን ሸጠው ከቆላ አራት ርጉዝ ላሞች ለመግዛት ወሰኑ። የቆላ ላም ወተቷ ብዙ አይደለም፤ አካሏ ግን ትልቅ ነው። ወይፈኗ ሲያድግ ሥጋው የሞላ ይሆናል፤ የከብት ነጋዴም ፈልጎ ይመጣበታል። ርጉዝ ስትሆን ደግሞ አንድ ተገዝቶ ሁለት ይገኛል። ከአራቱ አንዷ ሦስት ልጆች ብቻቸውን የሚያሳድጉት ወይዘሮ ደብሪቱ ነበሩ። እሳቸው የቤታቸውን ቆርቆሮ አስነቅለው ሸጡና ቤቱን መልሰው በሣር ከደኑት። ሌላው ራሱ ጓንጉል ነበር። ገዢ ሆኖ እንዲወርድ ሲመረጥ የተቃወመ ሰው አልነበረም።

በዚያ የቆላ ገበያ የርጉዝ ላም ዋጋ የሚቆረጠው በወሯ ነው። መውለጃዋ በቀረበ ቁጥር ዋጋዋ ይጨምራል። ስለዚህ ሻጭ ሁሉ ወር ይጨምራል፤ የአራት ወሯን ስድስት፣ የስድስት ወሯን ስምንት ይላል። ገዢም ይህን ስለሚያውቅ ይቀንሳል። ሁለቱ በወር ሲጨቃጨቁ ላሟ መሃል ቆማ ታመነዥካለች፤ ጥጃውም በራሱ ቀን ያድጋል።

ጓንጉል ሦስቱን ላሞች በማለዳ ገዛ። የሦስቱም ሻጮች «ስምንት ወሯ ነው» አሉት። እሱ ግን ጎናቸውን ዳሰሰ፣ ጡታቸውን አየ፣ ተከራከረ፤ በስድስት ወር ዋጋም ወሰዳቸው። በሦስቱም ላይ ልክ ነበር። ችግሩም ከዚህ ጀመረ፤ ሦስት ጊዜ ልክ የሆነ ሰው አራተኛውን ሊመረምር ትዕግሥት የለውም።

አራተኛዋን ላም ይዘው በገበያው ዳር የቆሙት እንድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ላሟ ዳለቻ ናት። በዚያ ዓመት ሣር ስለጠፋ ከስታለች፤ ጡቷም ገና አልሞላም።

«ስንት ወሯ ነው፣ አያ?» አለ ጓንጉል።

«ዘጠነኛውን ይዛለች። ከሃያ ቀን አታልፍም።»

ጓንጉል ሳቀ። ከዘጠኝ የጀመረ ሻጭ ገጥሞት አያውቅም። እጁን ጎኗ ላይ አሳርፎ ትንሽ ጠበቀ። ከውስጥ አንድ ነገር መዳፉን በኃይል ገፋው። ጓንጉል እጁን ቶሎ አነሳ። ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው ነውና የስድስት ወር ጥጃ እንዲህ እንደማይገፋ ያውቃል። በዚያች ሰዓት ግን ሐሳቡ ዋጋው ላይ ነበር።

«እኔ ስድስት ነው የምለው» አለ።

«ኮርማ ያገኛት መውሊድ ባለፈ በሳምንቱ ነው። እኔ ነኝ ያየሁት።»

«አያ፣ እዚህ ገበያ ውስጥ ያለ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።»

«ሁሉም ይበል። እኔ የምነግርህ ስለዚች ላም ነው። እንዲያውም ስማኝ፤ እኔ ዘንድ ትቆይና ትውለድ። ጥጃዋ ሲጠነክር መጥተህ ሁለቱንም ውሰድ። በዚህ ሆዷ ያንን ዳገት አትችለውም።»

ጓንጉል በልቡ «ገንዘቤንም ላሟንም ሊያስቀር ነው» አለ። ከስድስት ወር ዋጋ አንዲት ሳንቲም እንደማይጨምር ተናገረና እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ቀትር ሆነ። እህል ነጋዴዎች የተረፋቸውን ጆንያ መስፋትና አህያ መጫን ጀመሩ። እንድሪስ ወደ እነሱ ደጋግመው ያያሉ። ጓንጉልም ሲያዩ አያቸው፤ ያን ጊዜ እንዳሸነፈ አወቀ። ምንም ሳይናገር መጠበቅ ብቻ በቂ ነበር።

በመጨረሻ እንድሪስ የላሟን ገመድ አቀበሉት። «ቤቴ ውስጥ ሰባት ነፍስ እህል ይጠብቃል። የስድስቱን ወር ዋጋ ስጠኝና ልሂድ። በዋጋው አሸንፈኸኛል። በመንገድ ላይ ግን ዘጠነኛ ወር ላይ እንዳለች አትርሳ፤ አደራ» አሉት። ገንዘቡን ይዘው ወደ እህሉ ተራ ሮጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ጓንጉል «ስድስት ወር ነው» ያለው ዋጋ ለማስቀነስ ነበር። መንገድ ሲጀምር ግን ላሟን እንደ ስድስት ወር ላም ነዳት። የራሱን ክርክር ራሱ አመነው። አራቱን ላሞች በገመድ አያይዞ፣ መንደርተኛው ይጠብቀኛል እያለ፣ የአምስት ቀኑን መንገድ በሦስት ቀን ሊጨርሰው ተጣደፈ። ሌሎቹ ሦስቱ ቻሉት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ፣ ዳገቱ እኩሌታ ሲደርሱ፣ ዳለቻዋ ተኛች። ጓንጉል ልግም መስሎት በዱላ መታት። ተነሳች፣ ጥቂት ሄደች፣ እንደገና ተኛች። እንደገና መታት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትተኛ ውሃዋ ፈሰሰ፤ ያን ጊዜ ዱላው ከእጁ ወደቀ። ገመዷን ፈታ፣ ነጠላውን አነጠፈላት፣ ባለው አቅም ሁሉ ረዳት። ጥጃው የወጣው ሞቶ ነው። ጠጉሩ ሞልቷል፤ አፉን ከፍቶ ሲያየው ጥርሱም ወጥቷል። ጓንጉል እነዚያን ትንንሽ ጥርሶች ሲያይ ስንት ወር እንደነበረ ከማንም በላይ አወቀ። ላሟም ደሟ ሳይቆም ከቀትር በፊት ሞተች።

ቀሪውን መንገድ ሲወጣ ሐዘኑ ቀስ እያለ ወደ ንዴት ተለወጠ። ሰው ሐዘኑ ሲከብደው የሚያሸክመው ሰው ይፈልጋል። መንደር ሲደርስ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ላሞቹም ሦስት ነበሩ።

«ቆለኛው አታለለኝ!» አለ ጓንጉል። «ልትወልድ የደረሰች ላም ሸጠልኝ፣ መንገድ ላይ ሞተችብኝ። ሰው ይዤ ወርጄ ገንዘቡን አስመልሳለሁ።»

ወንዶቹ ተቆጡ። እንውረድ ያለም አልጠፋም። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ሲሰሙ ቆዩና ወደ ጓንጉል ቀረብ አሉ።

«ጓንጉል፣ ሰውዬው ስንት ወሯ ነው አለህ?»

በገበያው ላይ ከጓንጉል ሌላ የመንደሩ ሰው አልነበረም፤ የፈለገውን መናገር ይችል ነበር። አንገቱን ደፋና «ዘጠኝ» አለ።

«የስንት ወር ከፈልከው?»

«የስድስት።»

«ታዲያ ማነው ያታለለህ?»

ሊወርዱ የተዘጋጁትም አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። በማግስቱ ጓንጉል ከሦስቱ ላሞች ለእሱ የደረሰችውን እየሳበ፣ ላም ሳይደርሳቸው የቀሩት ወይዘሮ ደብሪቱ ደጅ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ የሞተችው የእኔ ናት። ይቺ የእርስዎ ትሁን» አላቸው፤ እንድሪስ እህል ስለሚጠብቁት ሰባት ነፍስ ያሉትንም አልደበቃቸውም።

ሣር ቤታቸው ዝናብ የሚያስገባባቸው ሴት ላሟን አዩዋት። ልጆቻቸውም በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። ቢሆንም ገመዱን አልተቀበሉም።

«ቆርቆሮዬን የሸጥኩት የሌላ ሰው ልጆች እህላቸው እንዲቀነስ ብዬ አይደለም» አሉት። «መጀመሪያ ሰውዬው የሚገባውን ያግኝ። ከዚያ ላሟን አምጣት፤ እቀበልሃለሁ።»

ጓንጉል የሚሸጠው ነገር አልቀረውም። ስለዚህ ያንን የመኸር ወቅት በሰው ማሳ ላይ በቀን ሥራ ሲያጭድ ከረመ። ከእንድሪስ ላይ ያስቀነሰው የሦስት ወር ዋጋ ሲሞላ ወደ ቆላ ወረደ። መንገዱን ሁሉ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ ነበር፤ ይቅርታውን በየት በኩል እንደሚጀምር፣ ገንዘቡን እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሽማግሌው ቢሰድቡት እንዴት እንደሚታገሥ።

እንድሪስን ያገኛቸው ከቤታቸው ደጃፍ ነው። ገና ከሩቅ አወቁት። ፊታቸው በራ፤ ብድግ ብለው ተቀበሉት። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ፦

«ወለደች?» አሉት።

ጓንጉል ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፋበት። ገንዘቡን አውጥቶ እጃቸው ላይ አስቀመጠ። እንድሪስ ምን እንደሆነ እንኳ አላዩትም።

«ምን ወለደች? ወንድ ነው ሴት?»

«ወንድ» አለ ጓንጉል፤ ቀጥሎም የሆነውን ሁሉ ምንም ሳይደብቅ ነገራቸው። ዱላውንም ነገራቸው።

እንድሪስ ደጃፋቸው ላይ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በኋላ እጃቸው ላይ ያለውን ገንዘብ አዩትና «ይሄን ያን ቀን ባገኘው ኖሮ ጆንያው ይሞላልኝ ነበር» አሉ። «ግን ልጄ፣ ይሄን ባትሰጠኝም ግድ የለኝም ነበር። የነገርኩህን ብታምነኝ ኖሮ ላሟ ዛሬ ጥጃዋን ታጠባ ነበር።»

ጓንጉል አለቀሰ። ሽማግሌውም አላባበሉትም፤ አጠገባቸው እንዲቀመጥ ብቻ ቦታ ለቀቁለት።

ወዳጆቼ፣ ይህ ታሪክ ዋጋ አትከራከሩ አይልም። መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ጓንጉልም ሦስቱን ላሞች በደንብ ተከራክሮ ስለገዛ የሚወቅሰው የለም። ተገቢ ዋጋ ማለት ግን የተራበ ሰው እህል ነጋዴው እንዳይሄድበት ሲል የሚቀበለው ትንሹ ገንዘብ አይደለም። ያ የላሟ ዋጋ ሳይሆን የችግሩ ዋጋ ነው። ደግሞም ርጉዝ ላም የሚገዛ ሰው ሥጋና ቆዳ ብቻ አይገዛም፤ ባለቤቷ ስለ እሷ የሚያውቀውንም አብሮ ይገዛል። ሁሉም ይዋሻል ብሎ አስቀድሞ የቆረጠ ሰው እውነት የነገረውን አንዱን ሰው ሲያገኝ አያውቀውም፤ ኪሳራውም ከሻጩ ቤት አልፎ ወደ ራሱ ቤትና ወደ ጎረቤቱ ቤት ይገባል።

እኔም ከገበያ ስመለስ «ይህን ያህል አስቀነስኩ» እያልኩ ለቤተሰቤ የምኩራራ ሰው ነኝ። ይህን ታሪክ ከሰማሁ ወዲህ ግን አንድ ነገር ራሴን እጠይቃለሁ፤ እናንተንም ልጠይቃችሁ። ለመጨረሻ ጊዜ በርካሽ ስትገዙ ሻጩ ዋጋውን የቀነሰላችሁ ዕቃው ያን ያህል ስለሚያወጣ ነበር ወይስ እናንተ ቆማችሁ መጠበቅ ስለምትችሉ፣ እሱ ግን ስለማይችል?