ርስቱ ለእኔ፣ ደሙ ለእሷ

ምሳሌ ሁሉ አባት አለው ይባላል፤ ይኼኛው ግን እናትም አለችው፣ ስሟም አንጓች ነው። ሽማግሌ በተቀመጠበት ሁሉ የምንጠቅሰው አባባል የወጣው ከእሷ ነገር ነው። የምታውቁት መስሏችሁ እንዳታቋርጡኝ።

አያ ወንድይፍራው የሚባል ልጅ ያልወለደ ገበሬ ነበር። አንጓች ገና በጨቅላነቷ እናቷ ስትሞትባት፣ በአገሩ ወግ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጠባትና እንደ ወለዳት የምትቆጠር የጡት ልጁ አደረጋት። እሱ አርጅቶ ዓይኑ ሲደክም እጁን ይዛ የምታወጣ የምታገባው እሷ ነበረች። ታዲያ አንድ ቀን ሽማግሌው ማሳው ዳር ተገድሎ ተገኘ። ማን እንደገደለው ያየ የለም።

ከለቀስተኛው ሁሉ አብልጦ ደረቱን የደቃው የወንድሙ ልጅ ሽባባው ነው። አርባው እንደወጣ ግን እንባውን ጠራርጎ የመንደሩ ገዢ ጭቃ ሹሙ ከሽማግሎች ጋር ከተቀመጡበት ሸንጎ ቀረበ።

«ርስቱ የእኔ ነው» አለ። «ይቺ በአንድ ጣት ማር የተገዛች ናት። ሥጋ ዘመዱ እኔ ብቻ ነኝ።»

አንጓች ያቺን መሬት ካጣች የምትጠጋበት ዘመድ የላትም። ከዚያም በላይ ያንገበገባት፣ የአባቷ ገዳይ ሳይጠየቅ ማሳው መጠየቁ ነው።

ከሽማግሎቹ መካከል አባ እምሩ የሚባሉ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። «እውነትህን ነው፣ ሥጋ ዘመዱ አንተ ነህ» አሉት። «በአገራችን ደግሞ ወራሽ ባለደም ነው፤ ገዳዩን ፈልጎ የሚከስ እሱ ነው። እንግዲህ ርስቱን ከመርገጥህ በፊት የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳምና ‹ገዳዩን አውቄ ብደብቅ መሬቱ ይብላኝ› ብለህ ማል።»

ሽባባው ሰው መግደል ያልፈራ፣ መሐላ ፈራ። ዓይኑን ወዲያ ወዲህ ካንከራተተ በኋላ፣ «እንዲያው ምን አጨቃጨቀን፣ እንካፈል» አለ። «ርስቱ ለእኔ ይሁን፣ ደሙ ለእሷ።»

አይ ሞኝ! የአጎቱን ደም እንደ አሮጌ ቁምጣ ለሌላ የሚያስረክብ ወንድ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

«ተቀብያለሁ» አለች አንጓች ብድግ ብላ። «እንግዲያው ባለደሟ እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የምጠይቀውም አንተን ነው። አባቴ የሞተ ዕለት የት ነበርክ?»

ሽባባው ለዚህም መማሉ እንደማይቀርለት ገባውና፣ በወሰን ተጣልቶ አጎቱን በዱላ እንደመታው እዚያው ተናዘዘ። ድርቅናው ግን አልለቀቀውም፤ «ካሳዬን እከፍላለሁ፤ የወንድሙ ልጅ መሆኔን ግን ማን ይፍቅብኛል? ርስቱ አሁንም የእኔ ነው» አለ።

ጭቃ ሹሙ ግራ ገባቸው። እንዲህ ያለ ነገር ቀርቦላቸው አያውቅም። አንጓች ዞራ አባ እምሩን ታያለች።

በዚያው ክረምት እሷ የዘራችው ጤፍ በመኸር አምሮ ታጨደ፤ የልጅ ልጆቿም ያንኑ ማሳ እስከ ዛሬ ያርሱታል። ይኼ ሁሉ የሆነው አባ እምሩ ያን ዕለት ወደ ሽባባው ዞረው፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ፣ እንዲህ ስላሉት ነው፦ «የገደለ ይካስ እንጂ አይውረስ።»