አፈንጋጭ የተባለችው አህያ

አንድ ጊዜ በአንድ ቆላ አገር የሚኖሩ አህዮች ወደ ወንዝ የሚወርዱት በአንዲት ቀጭን መንገድ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ ተከትሎ ነበር። ሥርዓቱን ያስተማረቻቸው እመት ቀበሮ ናት። «ተሰልፋችሁ ከሄዳችሁ አያ ጅቦ የሚበላው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ሌላው በሰላም ይጠጣል» ብላቸው ነበር። ለምክሯ ከአያ ጅቦ ዘንድ አጥንት እንደሚደርሳት ግን ትንፍሽ አላለችም። አህዮቹም ተራ አወጡ። ተራው የደረሰው እያለቀሰ ከኋላ ይሰለፋል፤ የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ይጠጣሉ።

መሪያቸው አባ ዳለቻ የሚባል ሽማግሌ አህያ ነበር። አንድ ቀን ተራው በልጁ በቡሊት ውርንጭላ ላይ ወደቀ።

«አባባ፣ ገና ጡት ያልጣለ ልጅ ነው። በሌላ በኩል ውሃ እንፈልግ» ስትል ለመነችው።

«የገዛ ወንድሜም በተራው ሄዷል። ሥርዓት ነው፣ ልጄ» አላት። ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

ቡሊት ውርንጭላዋን ከፊቷ አስቀድማ፣ እሾሁን እየጣሰች ሽቅብ ወደ ተራራው ወጣች። አባ ዳለቻ ደነገጠ። ከድንጋጤው የተነሳ ከዚያ ቀን በፊት በአህዮች አፍ ተሰምቶ የማያውቅ ቃል ጮኸ፤ «አፈነገጠች!»

መንጋው ተቀበለው። «አፈንጋጭ! አፈንጋጭ!» ትርጉሙን ማንም አልጠየቀም፤ ከሰልፍ የወጣች፣ ከእኛ ያልሆነች ማለት እንደሆነ ከድምፁ ገብቷቸዋል።

ወንዝ ዳር አያ ጅቦ ግራ ተጋባ። «ውርንጭላ ነው ተብዬ አልነበር? ይቺ የመጨረሻዋ አጥንቷ የወጣ አሮጊት ናት!»

«አይ አያ ጅቦ፣ ሆድ ብቻ!» አለች አጠገቡ የነበረችው እመት ቀበሮ። «ብቻዋን የሄደችው አሁን ከሁሉም የመጨረሻዋ ናት። ማንም አይደርስላትም፤ ስም አውጥተውላታል።»

ብዙም ሳይቆይ ከተራራው የቡሊት ጩኸት ተሰማ። አባ ዳለቻ ጆሮውን አቆመ። ሊሮጥ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር። ከኋላው ግን «አፈንጋጭ ናት፣ የራሷ ጉዳይ» ሲሉ ሰማ፤ የተናገረውን ቃል መልሶ ለመዋጥ አፈረና እግሩን መለሰ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የአህያ አባትም አላስጣለም።

ሲመሽ ውርንጭላው ብቻውን መጣ። አፉ ገና እርጥብ ነበር።

«ምንጭ አግኝተን ነበር» አለ። «እማማ ጅቡን ስትራገጥ እኔ አመለጥሁ። መንገዱን ለአያትህ አሳይ ብላኛለች።»

አባ ዳለቻ ያን ሌሊት አለቀሰ። በማግሥቱ መንጋውን በቡሊት መንገድ፣ ያለ ሰልፍ፣ ጎን ለጎን ይዞ ወጣ። አያ ጅቦም «የመጨረሻው የቱ ነው?» እያለ ሲዞር ውሎ ጾሙን አደረ።

መንገዱ ተረግጦ ተረግጦ ሰፋ። ከዓመታት በኋላ አንዲት ለግላጋ አህያ ከዚያ መንገድ ወጣ ብትል መንጋው «አፈንጋጭ!» ብሎ ጮኸ። አባ ዳለቻ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ጆሮው ግን ይሰማ ነበር።

«ዝም በሉ!» አለ። «ያን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በልጄ ላይ። የቆማችሁበት መንገድ እኮ የእሷ ነው።»

ወጣቶቹ ቡሊት ማን እንደሆነች አያውቁም። «ሽማግሌው ጃጀ» ተባባሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚህ የምንማረው ከሰልፍ ለሚወጣ ሰው ስም ከማውጣታችን በፊት ለምን እንደወጣ መጠየቅ እንዳለብን ነው፣ ከሞተ በኋላ በመንገዱ መሄድ እሱን አይመልሰውምና።