አቧራ የሚበላው የአያ ጅቦ አጎት

አንድ ጊዜ የአህዮችን በረት ሲጠብቅ የኖረው ውሻ አርጅቶ ሥራውን በመልቀቁ የዘበኝነቱ ቦታ ክፍት ሆነ። አያ ጅቦ ይህን በሰማ ጊዜ ደስታውን መያዝ አቃተው። ዕድሜውን ሙሉ የአህዮችን አጥር ሲዘልና ሲባረር የኖረ ፍጡር፣ አሁን በሩን በቁልፍ ከፍቶ ሊገባ ነው። ይሁን እንጂ የዱሩ ዳኛ አያ አንበሳ አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ነበር፤ ለቦታው የሚያመለክት ሁሉ ቤቱን በገዛ እጁ ጠርጎ ማሳየት አለበት። የራሱን ወለል ለመጥረግ የሰነፈ አውሬ የሌላውን ደጅ ነቅቶ ይጠብቃል ብሎ አያምንምና።

የአያ ጅቦ ዋሻ ደግሞ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ መጥረጊያ አይቶ አያውቅም። ባለቤቱም ጎንበስ ማለትን የሚወደው ለመብላት ብቻ ነበር። ስለዚህ አንድ የፍየል ታፋ ተሸክሞ፣ የከተማ ዕቃ ወደሚነግደው ወደ አያ ቀበሮ ሱቅ ሄደ።

ቀበሮው ሦስት ክብ ክብ ማሽኖች ከመደርደሪያ አውርዶ አሰለፈ።

«እነዚህ ጠራጊ ሮቦቶች ይባላሉ። ማንም ሳይነዳቸው ቤቱን እየዞሩ አቧራውን ወደ ሆዳቸው ይስባሉ። ይህ ትንሹ ከአልጋ ሥር ይገባል። መካከለኛው የቤቱን ካርታ በጭንቅላቱ ይይዛል። ትልቁ ግን...»

«ሆዱ የሚሰፋው የትኛው ነው?» ሲል አያ ጅቦ አቋረጠው።

«ትልቁ ነው። ለአንተ ዋሻ ግን ትንሹ ይበቃ ነበር።»

«ሰፊ ሆድ እያለ ስለ ካርታ ምን ታወራልኛለህ? ትልቁን ስጠኝ።»

«እንዳሻህ። ብቻ ማሽኑን ከመልቀቅህ በፊት አጥንቱን ሁሉ ከወለሉ አንሣ፤ አጥንት ያንቀዋል።»

«አጥንቱን የማነሣው እኔ ከሆንሁ እሱን ለምን ገዛሁት?»

«ለአቧራው።»

«አጥንት ትቶ አቧራ የሚመርጥ ሆድ ዛሬ ገና አየሁ» አለ አያ ጅቦ በትዝብት። ቀበሮው ማሽኑ በምን ቁልፍ እንደሚቆም ማስረዳት ሲጀምር፣ ደንበኛው ዕቃውን ታቅፎ ከሱቁ ወጥቶ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አያ ጅቦ አጥንቱን እያጉረመረመ አንድ በአንድ አነሣ፤ ያነሣውንም እንዳይጠፋበት በሆዱ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያም ማሽኑን ለቀቀው። ማሽኑ እያጉተመተመ ወለሉን ሲዞር፣ አያ ጅቦ ጋደም ብሎ እያየ፣ ከአህዮች ማንኛዋን እንደሚያስቀድም ያስብ ጀመር። ወለሉ እንደ መስተዋት ባበራ ጊዜ አያ አንበሳና የአህዮቹ ተወካይ እመት አህዪት ከደጅ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

አያ ጅቦ ደነገጠ። ማሽኑን መታው፤ አልቆመም። ለመነው፤ አልሰማም። በመጨረሻ በእግሩ ገፍቶ ወደ ጓዳ ካስገባው በኋላ የቆዳውን መጋረጃ ለቀቀበት።

እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ፤ አያ አንበሳም ወለሉን በጥፍሩ ፈተሸ። «ይህን የጠረገው ማን ነው?»

«በገዛ እጄ ነው፣ ጌታዬ። ወገቤ እስኪቆረጥ ድረስ።»

«ረዳት አልነበረህም?»

«በዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ትንፋሽ ያለው የለም።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ መጋረጃው ተነቃነቀና ማሽኑ እያጉተመተመ ወጣ። አያ አንበሳ ዓይኑ ደክሟል፤ ያየውም አንድ ክብ፣ ዝቅተኛ፣ ጠንካራ ጀርባ ስለ ነበር ኤሊ መሰለው። ኤሊዎች ከአያቱም በዕድሜ እንደሚበልጡ ስለሚያውቅ በክብር ከመቀመጫው ተነሣ።

«ኖር!»

እመት አህዪትም ተነሣች፤ አያ ጅቦም ተነሣ። «በእግዜር» የሚል መልስ እስኪሰሙ ድረስ መቀመጥ ነውር ነውና ቆመው ጠበቁ። ማሽኑ የአያ አንበሳን እግር ገጨ፣ ዞረ፣ ወደ ጓዳ ተመለሰ። ገና ከመቀመጣቸው እንደገና ወጣ። «ኖር!» አሁንም ተነሡ። ሲወጣና ሲገባ፣ እነሱም ሲነሡና ሲቀመጡ፣ አያ አንበሳ በመጨረሻ መቀመጡን ትቶ እንደ ቆመ ጠየቀ።

«እኚህ ሽማግሌ ማን ናቸው?»

አያ ጅቦ ጠራጊዬ ነው ቢል በሩ ከነአህዮቹ ሊዘጋበት ነው። «አጎቴ ናቸው» አለ።

«ኤሊ ለጅብ አጎት ይሆናል?» አለች እመት አህዪት።

«በእናቴ በኩል ነው። በጋብቻ የመጣ ዝምድና ነው።»

«ትንፋሽ ያለው የለም ያልኸንስ?»

«ዕድሜ ነው፤ ትንፋሻቸው አልቋል። ጆሯቸውም አይሰማም።»

አያ አንበሳ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። «ከወለሉ የሚለቃቅሙት ምንድን ነው?»

«አቧራ... አቧራ ይወዳሉ።»

አያ አንበሳ የአያ ጅቦን ሆድ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ሆዱ በአጥንት ተወጥሮ ነበር። «አንተ እንደ ከበሮ ተነፍተህ፣ በእናትህ ወገን የተከበሩት ሽማግሌ ከመሬት አቧራ ይለቅማሉ?»

«ጌታዬ፣ እውነቱን ልናገር። አጎቴ አይደለም፤ ማሽን ነው። ከአያ ቀበሮ በፍየል ታፋ የገዛሁት ነው።»

«ሰማችሁ?» አለች እመት አህዪት። «አጎቱን በታፋ ገዛሁት አለ።»

«ቀበሮን ጠይቁት።»

«ለቀበሮ ምስክርነት ደግሞ ማን ይመሰክርለታል?»

አያ አንበሳ እጁን አነሣ። «ዘመድን ማስራብ ጥፋት ነው። በችሎት ፊት ዕቃ ነው ብሎ መካድ ግን በዳኝነት ዘመኔ ያልሰማሁት ነው።»

እመት አህዪት ወደ ፊት ቀረበች። «ጌታዬ፣ እኛ ዘበኛችንን አግኝተናል። እኚህ አባት ሲዞሩ ውለው አይደክማቸውም፤ ጥግ ጥጉን ይፈትሻሉ፤ ለእርስዎ እንኳ መንገድ አልለቀቁም። ከሁሉም በላይ ሥጋ አይቀምሱም።»

«ይሁን» አለ አያ አንበሳ። «አንተም፣ ጅቦ፣ አጎትህን በጀርባህ አዝለህ እስከ በረቱ ታደርሳለህ።»

አያ ጅቦ ፀሐይ ስትጠልቅ ማሽኑን አዝሎ አደረሰ። አህዮቹ ተቀብለው በሩን ከውስጥ ዘጉ። ማሽኑ በረቱን ጥቂት ዞረና ባትሪው አልቆ ቀጥ አለ።

«አባታችን እንቅልፍ ወሰዳቸው» አሉ አህዮቹ። እንግዳ ሽማግሌ ብቻውን ተኝቶ አይተውምና፣ በተራ በተራ ዙሪያውን ቆመው ሊያድሩ ተስማሙ።

ከአጥሩ ውጭ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ፤ አጎቴን ልጠይቅ ነው።»

«ተኝተዋል» አለች እመት አህዪት። «እኛ ነቅተናል።»

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላው በደከመበት ሥራ ሊመሰገን የሚዋሽ ሰው፣ ውሸቱን ለማዳን ሲል የተመኘውን ቦታ በገዛ አፉ ለሌላው አስረክቦ እንደሚቀር ነው።