ሲኒውን መሬት ያስቀመጠው እንግዳ

ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ራት አልበላችሁም እንዴ? እኔም አልበላሁም፤ እሱን ኋላ እናወራዋለን። በሉ ደግማችሁ፣ ተረት ተረት!

፦ የላም በረት!

እሰይ፣ እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን እንዳላማው የሚባል የእነማይ ሰው ነበረ። ደግ ሰው ነው። ጨዋም ነው። ጨዋነቱ ግን በዛ። ሰው ቤት ገብቶ ብላ ሲሉት፣ በልቼ ነው የመጣሁት ይላል። ሆዱ እየጮኸ ጠግቤያለሁ ይላል። በሞቴ ካላሉት፣ አፈር ስሆን ካላሉት፣ እጁ ወደ ገበታ አይሄድም። አንቺ ዘውዴ፣ ምን ያስቅሻል? አባትሽስ እንደዚያው አይደል!

ይህ እንዳላማው ኢየሩሳሌም ሊሳለም ሄደ። ተሳለመና መመለሻው ሲደርስ፣ በዳዊት ሲደግመው የኖረው የሊባኖስ ዝግባ ትዝ አለው።

፦ እዚህ ድረስ መጥቼ ዝግባውን ሳላይ አልመለስም፤ አለ።

በቅሎውን ጫነና ወደዚያ ተራራ ወጣ። ከነጋዴዎች የለቃቀማት ዐረብኛ ነበረችው፤ አንካሳ ናት፣ ግን ታደርሳለች። ከዚያም ጉም ወረደና መንገዱን አሳተው።

ያ ተራራ ድሩዝ የሚባሉ ሰዎች አገር ነው። ቤታቸው ድንጋይ ነው። ደጃቸው ወይራና ወይን ነው። የወንዶቹ ሪዝ የወይፈን ቀንድ ያህላል። ሴቶቹ ነጭ ነጠላ እስከ አፋቸው ይከናነባሉ። ሃይማኖታቸውን ለሰው አይገልጡም፤ በራቸውን ግን በሰው ላይ አይዘጉም። እንግዳ ሲመጣ ይሻሙበታል። ይሻሙበታል ስላችሁ የምሬን ነው፤ ጉዱ የመጣውም በዚሁ ነው።

እንዳላማው ከታችኛው መንደር ደረሰና ሰልማን የሚባል ሰው ቤት ገባ። ሰልማን ከአሮጊት እናቱ ጋር ይኖራል። እናቱን ኡም ናይፍ ይሏታል። የናይፍ እናት ማለት ነው፤ በዚያ አገር እናት በበኩር ልጇ ስም ትጠራለች። ናይፍ ደግሞ የላይኛው መንደር ሼህ ነው። ከወንድሙ ከሰልማን ጋር ከተኳረፉ ዘመን ሆኗቸዋል።

በምን ተጣሉ? በመሬት መሰላችሁ? በእንግዳ! አንድ እንግዳ ወደ ናይፍ ቤት ሲወጣ ነበር። ናይፍ በግ አርዶ ይጠብቃል። ሰልማን መንገድ ላይ የእንግዳውን ፈረስ ልጓም ያዘና ወደ ራሱ ቤት አስገባው። የናይፍ በግ ድስት ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ናይፍ የሰልማንን ደጅ አልረገጠም። እናቱ ያለችው ግን እዚያው ደጅ ውስጥ ነው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእነዚህስ እናት ዥንጉርጉር አልወለደችም፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት እልኸኞች ናቸው።

ኡም ናይፍ አረጀች። ሰው በስሟ በጠራት ቁጥር የሚጠራው የማታየው ልጇ ነውና ሆዷ ይባባል። ሞትን አልፈራችም። የፈራችው ልጆቿን ባንድ ገበታ ሳታይ መሞትን ነው።

ታዲያ ሰልማን ለእንዳላማው ስስ ቂጣ፣ የወይራ ዘይት፣ ወይን ቀቅለው ያወፈሩትን ጣፋጭ አቀረበለት።

፦ ይብሉ እንጂ።

፦ በልቼ ነው የመጣሁት።

በዚያ ጉም ውስጥ ምን እንደበላ እግዜር ይወቀው። ሰልማን ለመነው። በሪዙ ማለ። በእናቱ ማለ። ያን ጊዜ እንዳላማው ለይሉኝታ አንዲት ጉርሻ ጎረሰና ከዚያማ ሳህኑን አጸዳው።

ኡም ናይፍ ጥግ ተቀምጣ ታየዋለች።

፦ ልጄ፣ ቡና ሲቀርብልህም እንዲህ ነህ?

፦ ኧረ እማማ፣ ቡና ላይማ ይብስብኛል! መሬት አስቀምጬ፣ ተለምኜ ተለምኜ ነው የማነሳው። እንደቀረበለት የሚጨልጥ ጨዋ አለ እንዴ?

አሮጊቷ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገችና ሳቀች። ሰልማን ቡናውን ሊቀዳ ሲነሳ፦

፦ ተወው! ቡናውን ናይፍ ቤት ይጠጣል፤ አለችው። ሲነጋ በቅሎውን ስበህ እስከ መንደራቸው አፋፍ ታደርሰዋለህ።

፦ ናይፍ ቤት? የኔን እንግዳ?

፦ አዎን። የወሰድከውን ትመልሳለህ።

ሰልማን የሪዙን ጫፍ ቆረጠመና አንገቱን ደፋ።

፦ እሺ፣ እማ።

ወደ እንዳላማውም ዞረችና፦

፦ አንተም ልጄ፣ እዚያ ቤት እንደ ልማድህ ሁን። ጨዋነትህን እንዳትረሳ፤ አለችው።

፦ ለሱስ አያስቡ፣ እማማ!

ሲነጋም ሰልማን በቅሎውን ስቦ አፋፉ ላይ አደረሰውና ተመለሰ። ናይፍ እንግዳውን ደጅ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። የመንደሩ ሰዎች ዙሪያውን ተቀመጡ። ሬት የመሰለ ቡና በትንሽ ሲኒ ተቀዳ። እንዳላማው ተቀበለና፣ አመስግኖ፣ መሬት አስቀመጠው።

የሁሉም ዓይን ሲኒው ላይ ተተከለ።

በዚያ ተራራ ደንብ አለ፣ ልጆቼ። እንግዳ ቡናውን ሳይጠጣ መሬት ካስቀመጠ፣ ጉዳይ አለኝ ማለቱ ነው። ባለቤቱ ጉዳዩን እሺ ካላለው አይጠጣም። ሳይጠጣ ከወጣ ደግሞ የባለቤቱ ስም በየተራራው ይረክሳል። የአገሩ ሽማግሌዎች ናይፍን በዚህ ሊያስታርቁት ሞክረው ነበር። እሱ ግን ብልጥ ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ካየ ቡና አያስቀዳም። እናቱም ወጥታ ሞክራለች። እናት እንግዳ አይደለችም ብሎ መለሳት። ዝግባ ልይ ብሎ የመጣን መንገደኛ ግን ማን ይጠረጥራል?

፦ እንግዳዬ፣ ጉዳይህን ንገረኝ፤ አለ ናይፍ።

፦ ኧረ ምንም ጉዳይ የለኝም።

፦ በቅሎህ ደከመች? የኔን ፈረስ ውሰድ።

፦ ኧረ በጭራሽ! እግዜር ይስጥልኝ።

፦ የወይን ቦታ ልስጥህ?

፦ ምን ሲደረግ!

ናይፍን ግንባሩን አላበው። ሰዎቹ ተንሾካሾኩ። ፈረስ የናቀ፣ የወይን ቦታ የናቀ፣ ምን ያለ ከባድ ጉዳይ ይዞ መጣ አሉ። እንዳላማው ግን በልቡ፦ ጎሽ! እነዚህስ ልመና ያውቃሉ፤ ይላል።

ከዚያም ናይፍ ጠየቀው።

፦ የት አደርክ?

፦ ታች፣ ሰልማን ቤት። በቅሎዬን በእጁ ስቦ አፋፉ ላይ ያደረሰኝ እሱ ነው። እናቱም ቡናህን ናይፍ ቤት ትጠጣለህ ብለው ከለከሉኝ።

የናይፍ ፊት ተለወጠ።

፦ ሰልማን? እንግዳውን በገዛ እጁ ስቦ? ወደ እኔ?

፦ አዎን።

ናይፍ ሲኒውን አየና፣ በቀስታ፦

፦ እናቴ እንዴት ናት? አለ።

፦ አርጅተዋል። ሰው ኡም ናይፍ ብሎ ሲጠራቸው ዓይናቸው እንባ ያቀራል።

ያን ጊዜ ያ ባለ ትልቅ ሪዝ ሰውዬ በሰው ፊት አለቀሰ። ማልቀሱ ደግ ነው፤ ዘግይቶ ነው እንጂ።

፦ በቃኝ! ጉዳይህ ገብቶኛል። ከወንድሜ ታርቄያለሁ። አሁን ጠጣልኝ፣ በእናቴ!

በእናቴ ከተባለማ እንዳላማው ምን ያደርጋል? ሲኒውን አነሳና ጨለጠው። ቀዝቅዞ ነበር፤ መራራነቱ አይጣል። ከደጅ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እሱም፦ ለአንድ ሲኒ ይህ ሁሉ! ደግ አገር ነው፤ አለ።

ያንኑ ቀን ናይፍ በግ እየነዳ ወረደ። ሰልማን ደጁ ላይ የወንድሙን ትከሻ ሳመ። እናታቸውን መሃል አስቀመጡና ባንድ ገበታ በሉ። ኡም ናይፍ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታጎርሳለች፤ የራሷን መብላት ረስታዋለች። እንዳላማው በክርስቲያን እጅ ያልታረደ አይበላምና ቂጣና ጣፋጩ ቀረበለት። ተለመነና በላ።

ከዚያም ቡና ተቀዳ። እንዳላማው ተቀበለና፣ አመስግኖ፣ መሬት አስቀመጠው።

የሁሉም ዓይን እንደገና ሲኒው ላይ ተተከለ። ናይፍ ሰልማንን አየ። ሰልማን ናይፍን አየ። ደግሞ ምን ሊጠይቀን ነው ብለው ሁለቱም ደነገጡ። ኡም ናይፍ ግን ብድግ አለችና የእንዳላማውን ጆሮ ይዛ፦

፦ ጠጣ እንጂ፣ አንተ! ሌላ የተጣላ ልጅ የለኝም! አለችው።

ሳይለመን የጠጣው ቡና እሱ ብቻ ነው ይባላል።

እኔ ታዲያ እንደ እንዳላማው አይደለሁም። መሶቡ ውስጥ የተሸፈነውን ዳቦ ከመጀመሪያ አይቼዋለሁ። በመጀመሪያው እንኪ እቀበላለሁ፤ በሞቴ ማለትም አያሻችሁም። ተረቱን ለእናንተ ሰጠሁ፤ በሉ መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ!